የሚስ ክራውች ግድግዳ

ሚስ ኦድሪ ክራውች ከደረጃው ግርጌ ተዘርረው የተገኙት ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ያገኘቻቸው የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ናት። ጭንቅላታቸው ተፈንክቷል፤ ትንፋሻቸው ግን አለች። እኔ ስደርስ አምቡላንሱ ሊነሳ ሲል ነበርና ፊታቸውን ለአፍታ ብቻ አየሁት። እንደ ኖራ ነጥቷል።

ዋልተር ብሪድስ እባላለሁ። የእንግሊዟ ሄስቲንግስ ከተማ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበርኩ። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነኝ፤ አፌ አያርፍም፣ ትዕግሥቴም አጭር ነው። ይህን ታሪክ የማወራው ልመሰገንበት አይደለም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው፤ ስትሰሙት ትፈርዳላችሁ።

ዘመኑ በአገራችን አቆጣጠር ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስምንት፣ የኦክቶበር ወር መጨረሻ ነው። ብርዱ ሲገባ ሁላችንም በአንዲት ቅዳሜ ሌሊት፣ ለእሑድ አጥቢያ፣ ሰዓታችንን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ እንመልሳለን፤ መንግሥት ነው እንዲህ ያዘዘው። ያ እሑድ ሰዓት የሚመለስበት እሑድ ነበርና እኔ አንድ ሰዓት ተጨማሪ ተኝቼ፣ ማታ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ፣ ሰኞን በደህና መንፈስ ነበር የጀመርኩት። ምን ያደርጋል!

ትምህርት ቤቱ ምዕራብ ኮረብታ ላይ ያለ ባለ ሦስት ፎቅ ቀጭን ቤት ነው። ከዓለም ዙሪያ የመጡ ሰዎች እንግሊዝኛ ይማሩበታል። ሚስ ክራውች ላይኛው ፎቅ ላይ ይኖራሉ፣ እዚያው ያስተምራሉ። ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው።

«ጌታዬ፣ ቦርሳቸው የለም» አለችኝ ረዳቴ ኮንስታብል ፒልቢም። «ቡናማ የቆዳ ቦርሳ። ጽዳቷ እንደምትለው ሲተኙም ከራስጌያቸው አያርቁትም።»

«የእጅ ሰዓታቸውስ?»

«ሲወድቁ ተሰብሮ ቆሟል። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ላይ።»

«ስለዚህ እሑድ ማታ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ሌላስ?»

ጠፍጣፋ ቀይ የአናጢ እርሳስ አሳየችኝ። ደረጃው ላይ ነበር የተገኘው። ቀጥላም፣ «የክፍሉ የግድግዳ ሰዓት ደግሞ አንድ ሰዓት ይቀድማል» አለች።

«እዚህ ቤት ምን ልክ የሆነ ነገር አለ ብለሽ ነው?» አልኳትና ወደ ላይ ወጣሁ። ልጅቷ ግን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። እግዜር ይስጣት።

ከዚያ ክፍሉን አየሁ።

ከበሩ በስተግራ በትከሻ ቁመት አንድ ነጭ መስመር በቀለም ተሰምሯል። መስመሩ ግድግዳ ለግድግዳ እየዞረ ይሄድና ባሕሩን የሚያሳየው ትልቁ መስኮት ጋ ሲደርስ ይቋረጣል። ከመስኮቱ ወዲያ ማዶ ቀጥሎ ተመልሶ በሩ ጋ ያልቃል። ከመስመሩ በላይም በታችም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተማሪዎች በየእጃቸው የጻፉት ዓረፍተ ነገር ሞልቶታል። «የብርቱካን እርሻ ነበረን» ይላል በስተግራ አንዱ። ጥቂት አለፍ ብሎ፣ «እናቴ ስትሞት እኔ ዳቦ እየገዛሁ ነበር»። መስኮቱ አጠገብ፣ «ቀለበቴን ሸጫለሁ፤ ጣቴ ግን አልረሳውም»። ከመስኮቱ ወዲያ፣ «ልጄ ትምህርት ቤት ሲገባ እኔ ማንበብ ለምጄ እጠብቀዋለሁ»።

ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ እጄ ራሱ ነው ያወለቀው።

የሕንፃው ባለቤት ዴዝሞንድ ሌከር ታች ቢሮው ውስጥ ሲንጎራደድ አገኘሁት። ቤቱን ከአባቱ የወረሰው በዚያው ዓመት ነው። ጽዳቷ ባለፈው ሳምንት ከሚስ ክራውች ጋር ሲጨቃጨቅ እንደሰማች ነግራኛለች። ሆቴል ላደርገው ነውና ይልቀቁ ሲላቸው፣ ሚስ ክራውች ቦርሳቸውን መታ መታ አድርገው «አባትህ ቃላቸውን ሰጥተውኛል» ብለውታል።

«ትናንት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ላይ የት ነበርክ?» አልኩት።

«አሁን ትቀልዳለህ ዋልተር? አንተው ራስህ አይተኸኛል እኮ!»

እውነቱን ነው። የማታው ጸሎት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ ቆይቷል። ሌከር መዘምራኑ መካከል ነጭ ልብሱን ለብሶ ቆሞ ነበር። ለብቻው የዘመራትን እንኳ አስታውሳለሁ፤ ዕንባ አቅርራብኝ ነበር። ምስክሩ እኔ ከሆንኩ ምን እላለሁ?

«በል ለማንም ትንፍሽ እንዳትል» ብዬው ወጣሁ።

ተማሪዎቹ ሦስት ሰዓት ላይ ገቡ። ዘጠኝ ናቸው። የሆነውን ማንም እንዳይነግራቸው አስጠንቅቄያለሁ። የቆየች ዘዴዬ ናት፤ ያልተነገረውን የሚያውቅ ካለ ሲያወራ ያመልጠዋል።

«ሚስ ክራውች ዛሬ አይመጡም» አልኳቸው። «እኔ ፖሊስ ነኝ። ትናንት ማታ አንድ ሰዓት አካባቢ ምን ስታደርጉ እንደነበር አንድ በአንድ ትነግሩኛላችሁ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

«ምን ያስቃል? እውነተኛ ፖሊስ ነኝ!»

ይባስ ብለው ሳቁ። መታወቂያዬን አውጥቼ አሳየኋቸው። ፊሊዝ የምትባል ቱርካዊት ወጣት ጠጋ ብላ አየችውና ወደ ጓደኞቿ ዞረች። «መታወቂያም አላቸው!» አለች። «በጣም ጎበዝ ናቸው እኚህ።»

ደሜ ፈላ። የሰው አገር ሰው ፖሊስ አያከብርም ብዬ ደመደምኩና ተራ በተራ ወደ ኮሪደሩ አስጠራኋቸው።

ኒባልዶ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ እጀ ሰፊ የቺሊ ሰው ነው። ሥራው አናጢ ነው። አገሩ ውስጥ ወታደሮቹ አስረውት፣ ወጥቶ ወደ እኛ ተሰዷል። የመኖሪያ ፈቃዱ ጊዜያዊ ነው። ሚስቱ ሮሳልባ ከሁለት ሳምንት በኋላ ልትመጣ ለንደን ያለውን የስደተኞች ቢሮ ማኅተም ብቻ ነው የምትጠብቀው።

«ከፊሊዝ ጋር ባሕሩ ላይ ያለው የእንጨት መዝናኛ ድልድይ ላይ፣ ሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነበር» አለኝ ፈገግ ብሎ። «ዓሣና ጥብስ ድንች እየበላን ነበር። ዝናብ ያካፋ ነበር። አንድ ሽማግሌ አኮርዲዮን እየተጫወተ ነበር።»

«ኮፍያው ምን ዓይነት ነው?»

«አረንጓዴ። ላባ አለው።»

ፊሊዝን ለብቻዋ ጠየቅኋት። ወንበሩ ሦስተኛ፣ ኮፍያው አረንጓዴ፣ ላባውም አልቀረ። አንድ ቃል አልተሳሳተችም። እንዲህ ልክክ የሚል ነገር ደግሞ እኔ አልወድም።

ፒልቢም ደውላ ተመለሰች። «የድልድዩ በር በንፋሱ ምክንያት እሑድ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ተዘግቶ ነበር፤ ድመት አልገባም ይላል ጥበቃው። የፊሊዝ አከራይ ደግሞ ልጅቷ ጉንፋን ይዟት ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ ነበረች አሉ።»

«እርሳሱስ?»

«የኒባልዶ ነው። አልካደም።»

ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገኛል? ልጅቷ እየሸፈነችለት ነው አልኩ። ክፍል ገብቼ «ኒባልዶ፣ ተይዘሃል» ስል ሁለት እጁን ራሱ ዘረጋልኝ። ሰንሰለቱን ሳስርለት ፈገግታው ከፊቱ አልጠፋም። ፊሊዝ አጨበጨበች።

እግረ መንገዴን ለንደኑ የስደተኞች ቢሮ ደውዬ አንድ ስደተኛ በከባድ ወንጀል መያዙን አስታወቅሁ። የቢሮው ሰው ፋይሉን ዘግቶ እንዳስቀመጠ፣ የሚስቲቱም ወረቀት አብሮ እንደሚቆም ነገረኝ። «ክስ ከቀረበበት ወደ አገሩ ይመለሳል» አለ። አገሩ ምን እንደሚጠብቀው ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ስልኩን ዘጋሁና ሻይ ጠጣሁ።

ጣቢያው ውስጥ ሳጅኑ የኒባልዶን ቀበቶ አስፈታው። ቀጥሎ የጫማውን ክር። ያን ጊዜ ፈገግታው ጠፋ።

«ክሩን ለምን?»

«ሕግ ነው» አለው ሳጅኑ።

ከንፈሩ ደረቀ። ክፍሉ ውስጥ ሲገባ አግዳሚው ላይ አልተቀመጠም፤ ከበሩ የራቀችውን ጥግ መርጦ መሬት ላይ ኩርምት አለ። ሰውየው እንዲህ ያለ ቦታ ያውቃል።

«ጌታዬ» አለኝ ከዚያው ሆኖ፣ «ይህ ነገር የእውነት ነው እንዴ?»

«ምን መስሎህ ነበር?»

«ሚስ ክራውች የት ናቸው?»

ነገርኩት። ፊቱን በእነዚያ ትላልቅ እጆቹ ሸፍኖ አለቀሰ። እኔም በሩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ሲረጋጋ አወራኝ። በየዓመቱ በዚህ ሳምንት ሚስ ክራውች ተማሪዎቹ የማያውቁትን አንድ ሰው ፖሊስ አድርገው ወደ ክፍል ያመጣሉ። ተማሪዎቹ አስቀድመው ሁለት ወይም ሦስት እየሆኑ፣ እሑድ ማታ ምን ሲያደርጉ እንደነበር አንድ ውሸት ያጠናሉ። ያ ሰው ለየብቻ እየጠየቀ ሊያጋጫቸው ይሞክራል። ያልተያዘ ቡድን ኬክ ይሸለማል። ያለፈውን ጊዜ አስተካክሎ መናገር የሚለመደው እንዲህ ነው ይላሉ አሉ።

«‹እውነተኛ ፖሊስ ነኝ ይላችኋል፤ እንዳታምኑት› ብለውን ነበር» አለ። «እርስዎም አሉ። እኛም አላመንንም።»

ክው አልኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ውሸታሞችን ሳሳድድ፣ ዘጠኝ ሰዎች ለኬክ ሲሉ የዋሹትን ማስረጃ አድርጌ ሰው አስሬያለሁ።

«እርሳስህስ?»

«ቅዳሜ የደረጃውን መደገፊያ ጠግኛለሁ። እዚያ ረስቼው ይሆናል።»

«እሺ፣ የእውነቱን ንገረኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ላይ የት ነበርክ?»

«ባሕሩ ዳር፣ ብቻዬን። ከሮሳልባ ጋር በስልክ ተነጋግሬ ነበር። ከዚያ በኋላ ከሰው ጋር መሆን አልቻልኩም።»

«ስልኩ ስንት ሰዓት ላይ ነበር?»

«አሥራ አንድ ከአርባ ተጀምሮ አሥራ ሁለት ሊሆን ሲል ተቋረጠ። በስልከኛዋ በኩል ነው፤ መዝግባዋለች።»

«አይጠቅምህም። ሚስ ክራውች የወደቁት ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «የክፍሉን ሰዓት መልሳችሁት ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ።

«የምን ሰዓት?»

«እባካችሁ እሳቸው ሳይኖሩ እንዳትነኩት። እሑድ ዕለት ሰው ሁሉ ሲመልስ ሚስ ክራውች አይመልሱም። የግድግዳውንም፣ የእጃቸውንም። ሰኞ ጠዋት ነው ከእኛ ጋር የሚመልሱት። ‹ያለፈ ሰዓት ተመልሶ የሚሰጠን በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ለብቻዬ አልበላውም› ይላሉ።»

አጀብ ነው! ግድግዳውን ተደገፍኩ። የፒልቢም ድምፅ ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ። የክፍሉ የግድግዳ ሰዓት አንድ ሰዓት ይቀድማል። የክፍሉ ከቀደመ የእጃቸውም ይቀድማል። እጃቸው ላይ አሥራ ሁለት ከሃምሳ ሲል፣ ከተማው ውስጥ አሥራ አንድ ከሃምሳ ነበር።

«ፒልቢም!» ብዬ የጮህኩት ጩኸት ወደብ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም።

ስልከኛዋ መዝገቧን አይታ አረጋገጠች። አሥራ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ላይ ኒባልዶ ከቺሊ ዋና ከተማ ከሳንቲያጎ ጋር መስመር ላይ ነበር። ሌከር ደግሞ ገና አልዘመረም።

«መዘምራን ልብስ ለመልበስ ሩብ ሰዓት ቀድመው ይገባሉ» አለች ፒልቢም። «ከኮረብታው በደረጃው ወርዶ ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ሩብ ሰዓት። ቤቱ ከተማው ማዶ ነው፤ ደርሶ መመለስ አይችልም።»

«እና ቦርሳውን ምን አደረገው?»

ተያየን። ካፖርቴን እንኳ በወጉ ሳልለብስ ወጣን።

ቄሱ የመዘምራኑን ቁምሳጥን ከፈቱልን። ሌከር እሑድ ማታ ከሰው መካከል ይዞት ሊወጣ አልደፈረም፤ ሰኞም ከጠዋት ጀምሮ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ፖሊስ ሲገባ ሲወጣ ስለነበር ከቢሮው አልወጣም። ከነጭ ልብሱ ሥር፣ ከመዝሙር መጻሕፍቱ ኋላ፣ ቡናማው ቦርሳ ቁጭ ብሏል። ውስጡ መነጽር፣ ጠመኔና አንድ የታጠፈ ደብዳቤ አለ። የሌከር አባት ፊርማ ያረፈበት ነው፤ ሚስ ክራውች በሕይወት እስካሉ ድረስ ላይኛው ፎቅ ላይ እንዲኖሩና እንዲያስተምሩ፣ ያቺን ግድግዳም ማንም ቀለም እንዳይቀባት ይላል።

ሌከርን ቢሮው ውስጥ አገኘሁት። ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ዴዝሞንድ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ላይ የት ነበርክ?»

«አሥራ ሁለት ከሃምሳ አይደል ያልከኝ?» አለ። ዓይኑ ግን ቦርሳው ላይ ተተክሏል።

«ሰዓታቸውን አልመለሱም ነበር።»

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። «ደብዳቤውን ብቻ ነበር የፈለግሁት» አለ። «ቦርሳውን ሳብኩት፤ እሷም አልለቅም አለች። ከዚያ... አልተንቀሳቀሰችም። የሞተች መሰለኝ።»

«እና ሄደህ ዘመርክ።»

ዕንባዬን ያቀረረችው መዝሙር ትዝ አለችኝና ሰውነቴ ዘገነነኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ያችኛዋ እውነት ግን በአንዲት ሴት የሰኞ ልማድ ነው የጠራችው።

ኒባልዶን በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ፈታሁት። ቀበቶውንና የጫማ ክሩን በገዛ እጄ መለስኩለት። «የሮሳልባስ ወረቀት?» አለኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ በወደድኩ።

ስልክ አልበቃኝም። ማክሰኞ በመጀመሪያው ባቡር ለንደን ሄጄ እዚያ ቢሮ በር ላይ ቆምኩ። ስህተቱ የእኔ መሆኑን ጽፌ ፈረምኩ። ሰውዬው «ፋይል አንዴ ከተዘጋ በኋላ...» ሲል «ክፈተው» አልኩት። ስድስት ሰዓት አስጠበቀኝ። ማኅተሙ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ በዓይኔ አይቼ ነው የወጣሁት።

ከዚያ በየቀኑ ማለት ይቻላል ክፍሉ እሄድ ነበር። ለምርመራ እላለሁ፤ ምርመራው ግን አልቋል። ፊሊዝ ግድግዳውን አስነበበችኝ።

«ያለቀና የተዘጋ ነገር እዚያ ነው የሚጻፈው፣ በሩ ጋ» አለችኝ በስተግራ እያሳየች። «ሌላ ነገር ሲመጣ ገና ሲሠራ የነበረው እዚህ። ተሠርቶ አልቆ ዛሬም ሰውን የያዘው ደግሞ መስኮቱ አጠገብ።»

«ከመስኮቱ ወዲያስ?»

«የሚመጣው። እዚያ ሳይጽፉ ከዚህ ትምህርት ቤት መውጣት የለም።»

በስተቀኝ የኒባልዶ ስም በቀይ እርሳስ ተጽፏል። ቀጥሎ ባዶ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ባዶ ነበር አለችኝ።

እኔ ይህን ቋንቋ ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠባሁት። ዓሣ ውሃ ውስጥ እንደሚኖረው ኖርኩበት እንጂ አላየሁትም። ያለፈውን ከሚያልፈው፣ ያለቀውን ካላለቀው እንዲህ ለይቶ ሰው ሕይወቱን የሚያስቀምጥበት ቤት መሆኑን ያስተማሩኝ፣ ቃል ሲጠፋቸው በእጃቸው የሚያወሩ ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። አንዳንዴ ከመስመሩ ፊት ቆሜ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። አላፍርበትም።

ሚስ ክራውች በአሥራ አንደኛው ቀን ጭንቅላታቸው እንደተጠመጠመ፣ በምርኩዝ ደረጃውን ወጡ። ኒባልዶ በጠገነው መደገፊያ ነው ተደግፈው የወጡት። ክፍል ሲገቡ መጀመሪያ ያዩት የግድግዳውን ሰዓት ነው።

«ማን መለሰው?»

«ማንም» አለች ፊሊዝ። «እርስዎን ስንጠብቅ ነበር።»

አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሰዓቱን አልነኩትም። አሮጊቷ በምርኩዛቸው ወደ ሰዓቱ ጠጋ አሉ። ከዚያ ሁሉም ተራ በተራ ጣታቸውን አሳርፈው፣ ቆጣሪውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ አዞሩት። እኔንም ጠሩኝ፤ ጣቴን አሳረፍኩ።

ኒባልዶ ቀዩን እርሳሱን አውጥቶ ከመስኮቱ ወዲያ ሄደ። ከስሙ ቀጥሎ፣ «ቅዳሜ ሮሳልባን አውሮፕላን ማረፊያ እቀበላታለሁ» ብሎ ጻፈ። ተመልሶ አነበበው። እንደገናም አነበበው።

«እርስዎም ይጻፉ ኢንስፔክተር» አሉኝ ሚስ ክራውች።

እርሳሱን ተቀበልኩ። የት እንደምጽፈው አውቄያለሁ። መስኮቱ አጠገብ፣ ተሠርቶ ዛሬም ሰውን የያዘው ነገር ያለበት ቦታ ቆምኩና «ንጹህ ሰው» ብዬ ጀመርኩ። ያን ጊዜ አንድ ሰፊ እጅ የእጅ አንጓዬን ያዘኝ።

«እዚህ አይደለም ጌታዬ» አለ ኒባልዶ።

የጻፍኩትን ሁለት ቃል በመዳፉ አጠፋው። እጄን እንደያዘ መስመሩን ተከትሎ ወሰደኝ፤ ቀለበቱን አለፍን፣ ዳቦውን አለፍን፣ የብርቱካኑን እርሻ አለፍን። በሩ ጋ ስንደርስ ቆመ።

«እዚህ ይጻፉት» አለኝ። «አልቋል።»

«ንጹህ ሰው አሰርኩ» ብዬ ጻፍኩት።